ሊብሬ የሌላት አሮጊት

ዳንግላ ውስጥ ከባሕር ዛፍ አጥር ሥር የምታድር አንዲት ላንድሮቨር አለች። ትክክለኛ ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም፤ እናውቃለን ብለው የሚጣሉ ግን በየዘመኑ አይጠፉም። ከአባታቸው የወረሷት ሽማግሌ ድንች ጭነውባት ወደ እንጅባራ ሲወጡ «የማን ናት?» ያላቸው አልነበረም። ሊብሬ ላውጣላት ብለው መዝጋቢ ቢሮ የሄዱ ዕለት ግን ጥያቄው ከጸሐፊው መጣ።

«አባባ፣ ባለቤት መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃ?»

«ልጄ፣ ነዳጇን የምሞላ፣ ጎማዋን የማስጠግን፣ ስትቆምም የምገፋት እኔ ነኝ።»

«መግፋትማ ማስረጃ ቢሆን አገሩ ሁሉ ባለቤት ነበር!»

ጸሐፊው ከሕግ አልወጣም። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያልተመዘገበ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ለመመዝገብ ደግሞ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የሽያጭ ውል ወይም የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። የአሮጊቷ ዲክላራሲዮን የጃንሆይ ዘመን ነው። ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሳለ ፋይሉ ደብረ ማርቆስ ተቀመጠ። ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ሲባል ፋይሉ ታሰረ፤ ለምን እንደታሰረ የነገረው የለም። ክልልና ዞን ሲመጣ ተፈታ ተባለ፤ ከተፈታ ወዲህ ያየው ሰው ግን አልተገኘም።

የቢሮው ቴክኒሻን የሻንሲ ቁጥሯን ሊያነሳ ጭቃውን በቢላዋ ፋቀው። ነጩ ቀለም ሲነሳ ከሥሩ ቀይ ወጣ፤ ቀዩን ሲፍቀው አረንጓዴ። ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ቢያሸው ቁጥሩ ፍንትው አለ። «ቀለሟን ያልቀየረ የለም፣ ሞተሯን የነካ ግን የለም» አለ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጻፈ። መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ፍሬኑ የሚይዘው ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ነው። የፊት መብራት የላትም፤ የኋላ ማያ መስተዋት ግን ሦስት አላት። ጥሩምባዋ ፍጹም ጤነኛ ነው።

ሲገፋ የዋለ አንድ ጎረምሳ ላቡን እየጠረገ እንዲህ አለ፦

ጎማው ሳይቀየር መሪው ተቀየረ፣
መንገዱ ያው ጉድጓድ፣ ያው እንደነበረ።

የመካኒክ ነገር ነው፤ ሌላ ትርጉም የሚፈልግበት ካለ ኃላፊነቱ የራሱ ነው።

በአገው ምድር ለፈረስ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲጋልብ የፈረስ ዲክላራሲዮን የሚጠይቅ አይታይም። ድሮማ ጌታው በፈረሱ ነበር የሚጠራ፤ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ያሰኛቸው ፈረሳቸው ነው። ፈረስ ጌታውን ያውቃል፤ ያልተስማማው ሲወጣበትም ይጥለዋል። መኪና ምን ታድርግ? ቁልፍ የያዘ ሁሉ ይነዳታል።

በመጨረሻ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ደፍሮ የቀረበ ተቃዋሚ የለም። የመጡት ሁሉ የጠየቁት ቁልፉ የት እንዳለ ነው፤ ስለ ጎማው ያነሳ አልነበረም። ሽማግሌው ነዳጁን ዛሬም ይሞላሉ፣ ዛሬም ይገፋሉ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው፦ «ተሽከርካሪዋ አለች። ባለቤቷ በመጣራት ላይ ነው።»