ጉዳዩ፦ ስለተደረገልኝ የ200 ብር ድጋፍ ምስጋና ስለማቅረብ

ለከተማችን የ……………… ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም በነጥብ ያለፍኩት ረስቼው አይደለም። ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ የወሰደን ድርጅት በስሙ መጥራት ክብሩን መንካት እንደሆነ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አስተምረውኛል። ሲነገረኝ የምሰማ ሰው ነኝና የእርስዎንም ክብር በነጥብ ጠብቄዋለሁ።

ካላስታወሱኝ፣ ያ ክራቫት ያሰረው አረጋዊ እኔ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ መምህር ነበርኩ። አሁን በእድራችን አዳራሽ ጥግ የተከፈተችውን የልጆች ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ ክረምት በገባ ቁጥር መጻሕፍቱን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ስናሸሽ እንከርማለን። ለጥቂት ቆርቆሮ የሚሆን ድጋፍ ብንጠይቅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ማህተም ባረፈበት ደብዳቤ «የበጀት ዓመቱ የድጋፍ ገንዘብ ለልዩ ልዩ ማኅበራትና ድርጅቶች ተደልድሎ ያለቀ መሆኑን እንገልጻለን» ሲል መለሰልን። ቅር አላለኝም። ግን ዕድሜውን ሙሉ ዴቢትና ክሬዲት ሲያስተምር የኖረ ሰው «አለቀ» ሲባል «ለማን ወጣ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፍኩ፦ የትኛው ድርጅት፣ ስንት ብር፣ ለምን ሥራ ወሰደ? ሥራውስ ተሠርቷል ወይ? ከሥሩ የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 590/2000 ጠቅሼ፣ መልስ ለመስጠት 30 ቀን እንዳላችሁ በትሕትና አስታወስኩ።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ደብዳቤዬን ገልብጣ ጀርባውን አየችው።

«ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው አባቴ?»

«ከቤቴ ነው ልጄ።»

«ማህተም የለውማ!»

ሰው ማህተም ይዞ አይወለድም ልላት ነበር፤ ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበር ተውኩት። ቀበሌ ሄጄ እኔ እኔ ለመሆኔ ማረጋገጫ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ቀበሌውም ደግ ነው፣ ጻፈልኝ። ደብዳቤ ሁሉ እንደሚዘጋው «ነዋሪያችን መሆናቸውን እየገለጽን አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን» ብሎ ዘጋው። የእኔ መከራ የተወለደው ከዚህች ትብብር ነው። ጥያቄዬ ከሸኚው ደብዳቤ ኋላ በስፒል ተያይዞ ከሕዝብ ግንኙነት ወደ ፋይናንስ ሄደ፤ ከፋይናንስ ወደ እርስዎ ወጣ። እርስዎም የፊተኛዋን ቅጠል ብቻ አንብበው ይመስለኛል፣ «ተገቢው ይፈጸም» ብለው ፈርመው ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ መሩት።

ከዚያ ተደወለልኝ። «ነገ ጠዋት አዳራሽ ይገኙ፤ ለጥያቄዎ ምላሽ ይሰጥዎታል።»

ደስታዬን አይጠይቁኝ! ሱፌን አስተኮስኩ፣ ከጡረታ መሸኛዬ ቀን ወዲህ ያላሰርኩትን ሰማያዊ ክራቫት ፈልጌ አወጣሁ። አዲስ ደብተር ገዝቼ ማታውን በማስመሪያ ዓምድ ዓምድ አደረግሁት፦ ስም፣ መጠን፣ ዓላማ፣ ቀን።

አዳራሹ ስደርስ ለችግረኞች የደብተርና የዘይት እደላ ነበር። ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የክብር እንግዳ ያደረጉኝ መሰለኝ። ስሜ ሲጠራ መድረኩ ላይ ወጣሁ። እርስዎ ነጭ ፖስታ ዘረጉልኝ። እኔ የድርጅቶቹ ዝርዝር መስሎኝ፣ እንዲህ አሳምሮ በፖስታ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤትም አለ እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ካሜራው ብልጭ ያለው ያን ጊዜ ነው። ባለ ካሜራው «አልያዘም፣ እንደገና» አለ። እኔም እንደገና ጎነበስኩ።

ፖስታውን እዚያው ከፈትኩት። አንዲት ባለ 200 ብር ኖት ብቻዋን ተኝታበታለች።

«ክቡር ሆይ፣» አልኩ፣ ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር፣ «እኔ የጠየቅሁት ዝርዝሩን ነው።»

«ዝርዝር?» አሉ እርስዎ። «ድፍን ሁለት መቶ ብር ተሰጥቶዎት ዝርዝር ይላሉ? እሱ እንኳ ገንዘብ ያዧ ጋ አይጠፋም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ፤ ሰው ሲደነግጥ ፊቱ የሚሠራውን አያውቅም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ምናለ እሱም በሳቀብኝ!

ቢሆንም ተስፋ ሳልቆርጥ አስረዳሁዎ። ለልመና እንዳልመጣሁ፣ የጠየቅሁት መረጃ እንደሆነ፣ አዋጅም እንዳለ ነገርኩዎ። እርስዎ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው (ካሜራው ይህንንም አላለፈውም) ቀስ ብለው መከሩኝ፦ «አባባ፣ የተረዱ ድርጅቶችን ስም ማውጣት ክብራቸውን መንካት ነው። እኛ የማንንም ገመና አደባባይ አናወጣም።»

ማታውን በቴሌግራም ገጻችሁ አደባባይ ወጣሁ። «ጽሕፈት ቤቱ ለአቅመ ደካማ አረጋዊ የገንዘብ ድጋፍ አደረገ» ይላል። ሙሉ ስሜ ከነአያቴ፣ መጠኑ 200 ብር፣ ዓላማው «ለዕለት ጉርስ»፣ ቀኑም ተጽፏል። ደብተሬን አውጥቼ ባስተያየው ዓምዶቹ ሁሉ ሞሉ። ክቡር ሆይ፣ በሙያ ዓይን ሳየው እንከን አላገኘሁበትም። ስለ ድጋፍ ገንዘብ የተሟላ መረጃ ማውጣት የማይችል መሥሪያ ቤት ነው ብዬ አምቼዎ ከሆነ ሐሜቴን አንሥቻለሁ።

ፍጥነቱስ! ልጄ ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። እራት ሳልቀርብ ደወለች። «አባዬ፣ የላክሁት ብር አልደረሰህም እንዴ? ለምን አልነገርከኝም?» ትላለች እያለቀሰች። ለሚያለቅስ ሰው አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ማስረዳት እንዴት እንደሚያስቸግር እርስዎ አያውቁትም። በማግስቱ ከደመወዟ ቀንሳ ላከችልኝ። የእድራችን ዳኛ ደግሞ ሰው ገለል ሲል ጠብቀው «ከችግረኛ መደጎሚያው ላይ ለእርስዎም ቢታሰብስ?» አሉኝ። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል ያገሬ ሰው። ፍትፍት ሳልጠይቅዎ ፊት አጎረሱኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር ያስረዱኝ። የእኔን 200 ብር በዚያው ቀን ለዓለም ያሳወቀ ቢሮ፣ የድርጅቶቹን ገንዘብ በ30 ቀን ለአንድ ሰው ማሳወቅ እንዴት አቃተው? ራስጌ ያለው ወረቀትና ክብ ማህተም ያለው ማኅበር ክብር አለው፣ ክራቫት አስሮ የመጣ ሽማግሌ የለውም? ደግሞስ የሰጠኸኝ ከማን ኪስ አውጥተህ ነው? ሳሙና ስገዛ 15 በመቶ ታክስ የምከፍለው እኔ! ከእኔው ወስደህ ለእኔው መጽውተህ፣ አስጎንብሰህ ፎቶ ታስነሣኛለህ? ልጄን በሰው አገር የምታስለቅሳት አንተ ማን ስለሆንክ ነው?

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። «አንተ» ያልኩት አምልጦኝ ነው፤ ደም ግፊት አለብኝ። ወደ አክብሮቴ ተመልሻለሁ።

ስለ ሰፊው ጉዳይ አላደክምዎትም። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር መሆኑን እንደማንኛውም ሰው በዜና ሰምቻለሁ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ምክር ቤት ፊት ማስረጃ ያልተሟላላቸው ወጪዎችን ያነባል፤ እኛም እንሰማለን፣ ቡናችንንም እንጠጣለን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ይበል።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የሥራና የኦዲት ሪፖርቱን በየዓመቱ ለባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ያቀርባል። ከዚያ በፊት በነበረው በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመንማ፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር ያገኘ ማኅበር ስለ ሰብአዊ መብት መሥራት አይፈቀድለትም ነበር። ማን ከማን ስንት እንደተቀበለ እስከ መቶኛው ተቆጥሯል። እንግዲህ በዚህ አገር ማኅበራትን «ከየት አመጣችሁ?» ማለት ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውር የሚሆነው ሰጪው እናንተ፣ ጠያቂው እኔ ስንሆን ነው።

ግቢዎ በር ላይ ያለውን ባለ መስታወት ሰሌዳ ሲገቡ ሲወጡ ያዩት ይሆናል። የበጀት ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባለው ሥራ በየወረዳው በገባበት ዘመን፣ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለመንገድ ይህን ያህል እየተባለ በጀቱ ለማንም በሚገባ አማርኛ ይለጠፍበት ነበር። ተማሪዎቼን አሰልፌ ወስጄ አስነብቤያቸዋለሁ፤ የቤት ሥራም ሰጥቼበታለሁ። አሁን መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ የቀረችው አንዲት ወረቀት ናት፦ «ፎቶ ማንሣት በጥብቅ የተከለከለ ነው»። ትእዛዙ ለእንግዳ ብቻ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። 200 ብሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ገንዘብ ያዧ በሞዴል 64 ደረሰኝ ትቁረጥልኝ። ስትሰጡኝ ማንም ስላላስፈረመኝ ከየትኛው የሒሳብ መደብ እንደወጣ አላውቅም፤ የወጪ ማዘዣ ከሌለው ገቢውን ስትመዘግቡት ትቸገሩ ይሆናል፤ ከፈለጋችሁ መጥቼ አሳያችኋለሁ፣ ለዚያ አበል አልጠይቅም። ምናልባት ከራስዎ ኪስ አውጥተው ከሆነ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ። ያኔ ግን «ጽሕፈት ቤቱ ድጋፍ አደረገ» የተባለው ይታረም። መመለሴም በዚያው ገጽ ከነፎቶው ይውጣልኝ። ሱፌን አስተኩሼ እመጣለሁ፤ ፖስታውን እኔ እዘረጋለሁ፣ ጎንበስ ብለው በሁለት እጅዎ የሚቀበሉት እርስዎ ይሆናሉ። ባለ ካሜራው አልያዘም ካለ እንደግመዋለን።

የዝርዝሩ ጥያቄዬ እንዳለ ነው። አንሰጥም ካላችሁም ምክንያቱን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ያንን የምትወዱትን ማህተም አሳርፋችሁ ስጡኝ፤ ይግባኝ ባዶ እጁን አይሄድም። ልጄን ግን በቴሌግራም ይቅርታ ትጠይቁልኛላችሁ። ይህኛው ልመና ነው፤ አልክድም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ስሜን ከገጻችሁ ታገኙታላችሁ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለእድራችን ዳኛ (ችግረኛ አለመሆኔን እንዲያውቁት)
ለጽሕፈት ቤቱ ባለ ካሜራ (ለቀጠሮ)