እንደመጣ ይኑር

ባለፈው ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ። የትምህርት ማስረጃችሁን «ጥራቱን በጠበቀ ስካን፣ እስከ 5 ሜጋባይት» በድረ ገጻችን አስገቡ ይላል። የእኔ ዲግሪ 3 ሜጋባይት ናት። ጫንኳት፤ ነጭ ገጽ ላይ 413 የሚል ቁጥር መጣ። ደግሜ ጫንኳት፤ አሁንም 413። ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» አሉኝ።

ሲስተሙን አውቀዋለሁ። ኤንጂን ኤክስ ይባላል፤ ኢጎር ሲሶየቭ የተባለ ሩሲያዊ ጽፎ በ1997 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው ሰርቨር ነው። ሰውየው የእኛን ማስታወቂያ ከየት አምጥቶ ያነበዋል? ስለዚህ ካልነገሩት በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ እንዳይቀበል አድርጎ ሰጠን፤ እንደየቤታችን እንድንቀይረው ደግሞ አንድ መስመር አዘጋጀልን። እኛ ግን ነውር እናውቃለን፤ የሰው እጅ ሥራ አንነካካም። ሪሞታችንን ከነላስቲኩ አሥር ዓመት የምንይዝ ጨዋ ሰዎች ነን። ዲፎልት እንደመጣ ይኑር!

በረከቱስ! ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት «ፋይል እናሳንሳለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ሰልፉ አስፋልት ደርሷል። በጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት ለእነዚህ ልጆች ካልተገባ ለማን ሊገባ ነው? ዲግሪዬን ሁለት ጊዜ አሳነሱልኝ፤ ማኅተሙ የቡና ስኒ ያረፈበት መሰለ፣ የሬጅስትራሩ ፊርማ ጉንዳን ሆነ። ነገ ወላጆች «ልጄን ለአሳናሽ ዳርኳት» እያሉ በዕድር ይኩራራሉ። ከነገ ወዲያ ኮሌጅ ይከፈታል፤ ፋይል ማሳነስ፣ ደረጃ 4፣ ሲኦሲ ያለው። ኮሌጁ ምዝገባውን በድረ ገጹ ያደርጋል፤ ሰርቨሩም እንደመጣ የተተወ ነው። ስለዚህ ተመዝጋቢው ማስረጃውን ለማስገባት አስቀድሞ ማሳነስ መቻል አለበት፤ የቻለ ደግሞ ኮሌጅ አያስፈልገውም፤ ያልቻለ በር ላይ ያሉትን ይከፍላል፤ በር ላይ ያሉት ያለፈው ዓመት ወድቀው የቀሩት ናቸው። አንድ ጎረምሳ ተነስቶ ያቺን መስመር ቢነካ የስንቱን እንጀራ ይዘጋል!

ሌላውም ጸጋ ብዙ ነው። ሰርቨሩ ጽሑፉን ጨምቆ እንዲልክ የሚያደርገው ነገር ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ገጹ ተጎትቶ እስኪከፈት የዳታ ጥቅላችን ይሟሽሻል። ደግሞም ለጠየቀው ሁሉ ስሙንና የቬርሽን ቁጥሩን ሳይደብቅ ይናገራል፤ የቁልፉን ዓይነት በሩ ላይ ጽፎ ሌባን እንደመቀበል ያለ እንግዳ አክባሪነት ነው።

አንድ መስመር እኮ ነው! ክላይንት ማክስ ቦዲ ሳይዝ ከሚለው ፊት ለፊት 6 ሜጋባይት መጻፍ (ቅጹ ራሱ ትንሽ ይጨምራል)፣ ሰርቨሩን ሪሎድ ማድረግ፣ በቃ። ሻይ አይቀዘቅዝም። ሩሲያዊው 1 ያለው ስለማያውቀን ነው፤ እናንተ ግን ምን እንደምትጠይቁን ታውቃላችሁ፣ ራሳችሁ ጽፋችሁታል። ማስታወቂያ ላይ 5 ብሎ ሰርቨሩ ላይ 1 ትቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ሥራውን አልሠራም። ዜሮ ጽፎ ገደቡን ጨርሶ ያነሳም ገጥሞኛል፤ እሱ በሩን ክፈት ቢሉት ግድግዳውን ያፈረሰ ነው፤ የእሱን ጉዳይ ሌላ ቀን።

የኔ ዲግሪ 940 ኪሎባይት ሆና ገባች። በማግስቱ ከዚያው መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ።

«ማስረጃዎ አይነበብም፤ እባክዎ ጥራቱን የጠበቀ ይላኩልን።»