ቆርኪ ደርዳሪዎች፦ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተጠናቀረ የክረምት ጥናት

የእግር ኳስ ዓመት ሁለት ወቅት አለው። አንደኛው ኳስ ያለበት ነው፤ ይህ ጥናት እሱን አይመለከትም። ሁለተኛው ኳስ የሌለበት፣ ኳስ አዋቂ ግን የሚፈላበት ነው። እንግሊዞች ይህን ወቅት በጋ ይሉታል። እኛ ዘንድ ክረምት ነው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የለንደኑ ደጋፊ ክለቡ ማንን እንደሚገዛ እስኪሰማ ድረስ ባሕር ዳር ተኝቶ ፀሐይ ሊሞቅ ይችላል። የሰበታው ደጋፊ የትም አይሄድም፤ ዝናብ ይዞታል። ከፊቱ ጀበና፣ ከኋላው ጭቃ፣ ከአናቱ የሚንጣጣ ቆርቆሮ አለ። በዚህ ሁኔታ ተቀምጦ ስለ አርሰናል ግራ መስመር የማይናገር ሰው ካለ ጤናው ይታይ።

ጥናቱ በሦስት ከተሞች ተወስኗል፤ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ በሙያው ቋንቋ፣ ዋጋው ይፋ ያልሆነ ዝውውር ነው። የተመረጡበት ምክንያት ግን ታክሲ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክርክር ገና ከተከላካይ ወደ አማካይ ሳይሻገር «ወራጅ አለ!» ይቆርጠዋል። ከአየር ጤና ሰበታ ሲኬድ ግን ክርክር መጀመሪያ፣ መሐልና ዓለም ገና አለው። ከአስኮ ቡራዩ መንገዱ አጭር በመሆኑ የቡራዩ ተከራካሪ ድምዳሜውን አስቀድሞ፣ ምክንያቱን ከወረደ በኋላ በመስኮት ይናገራል። የሱሉልታው ደግሞ እንጦጦን ሲወጣ ሹፌሩ ማርሽ በቀነሰ ቁጥር ድምፁን ይጨምራል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ አሠልጣኙ ተባሯል። ክርክሩ በአማርኛ ተጀምሮ ሲከር ወደ አፋን ኦሮሞ ይሻገራል፤ ወይም በተቃራኒው። ዝውውር ሲረጋገጥ የሚባለው «ሂር ዊ ጎ» ግን በሁለቱም አንድ ነው።

ወቅቱ ሰኔ ላይ ይገባል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 26 ገደማ፣ ይዘጋል። መሐሉ ላይ ፍልሰታ አለች። ከጥሉላት የጾመ አፍ ከሐሜትም እንዲጾም ይመከራል። በሊቀ መንበርና በስፖርት ዳይሬክተር ላይ ስለሚነገረው ግን ያገኘሁት ሥርዓት የለም፤ ሕዝቡም እንደተፈቀደ ቆጥሮታል።

የክረምት ተከራካሪ በአራት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ምንጭ አለኝ ባይ ነው። ድሮ ምንጩ ብስራት ኤፍ ኤም 101.1 ወይም ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ የከረመ ሀትሪክ ጋዜጣ ነበር። አሁን ምንጩ ስልኩ ነው፤ ጣሊያናዊውን የዝውውር ዜና አቅራቢ ፋብሪዚዮ ሮማኖን የአጎቱ ልጅ ያህል ይጠራዋል። «ፋብሪዬ ትናንት ማታ ነግሮኛል» ሲል የሰማሁት አንድ የቡራዩ ወጣት፣ ከፋብሪዚዮ ጋር ቅሬታም እንዳለው ለማወቅ ችያለሁ። ዘግይቶ ነው የሚነግረው።

ሁለተኛው ሻጭ ነው። ሻጭ ቡድኑ ውስጥ መቆየት የሚገባው ሰው አይታየውም። በረኛውን በ40 ሚሊዮን፣ አምበሉን በ60 ይሸጣል፤ ገዢው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። በ2015 ክረምት አርሰናል ለዴክላን ራይስ እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ሲስማማ ሻጭ «ነፃ ነው፣ በነፃ ነው የሰጡን» ብሎ ፈርዷል። ይኸው ሰው የአሥር ብር መልሱን ለማስመለስ ከወያላው ጋር ሰበታ መናኸሪያ ድረስ ሲሟገት ተመልክቻለሁ። በአገራችን ሊግ የተጫዋች የወር ደመወዝ በ50,000 ብር እንዲገደብ ክለቦች በ2011 ዓ.ም. ሲስማሙ ደግሞ ያው ሻጭ «ይሄ ሁሉ ብር ለምን?» ብሎ ጠይቋል።

ሦስተኛው ቆርኪ ደርዳሪ ነው። አራተኛውን በኋላ እመለስበታለሁ።

ቆርኪ ደርዳሪ በቃል የማያምን ሰው ነው። «ስማ፣ ላሳይህ» ይላል፤ እጁን ወደ ኪሱ ወይም ወደ መሬት ይሰድዳል፤ አሥራ አንድ ቆርኪ አውጥቶ ረከቦቱ ላይ የመጪውን ዓመት አሰላለፍ ይደረድራል። ስለዚህ ሰው እስካሁን አለመጻፉ የአገሪቱ ምሁራን ዕዳ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቁሱ። ሰበታ የሜታ ቢራ አገር ስለሆነች ደርዳሪዋ ቆርኪ አያጣም፤ ሁለት ሙሉ ቡድን ከነተጠባባቂው ጫማው ሥር ያገኛል። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ላይ ናትና የአምቦ ውኃ ቆርኪ ይበዛባታል። ሱሉልታ ግን የታሸገ ውኃ አገር ናት፤ እዚያ የሚደረደረው የሃይላንድ ክዳን ነው። ይህ ልዩነት ታክቲክ ላይ የራሱ ጫና አለው። የብረት ቆርኪ ጥርሱን ተክሎ ይቆማል። የፕላስቲክ ክዳን ቀላል ነው፤ የሱሉልታ ነፋስ ደግሞ የሚታወቅ ነው። አንድ የሱሉልታ ደርዳሪ አራት ተከላካይ አሰልፎ ንግግሩን ሳይጨርስ የቀኝ መስመሩ ተነሥቶ ሄዷል። «ወደ ፊት የሚሄድ ተመላላሽ ነው» ብሎ አልፎታል።

ቆርኪው ጽሑፉ ወደ ላይ ከሆነ ተጫዋቹ ጤነኛ ነው። ከተገለበጠ ተጎድቷል። መክፈቻ ያጣመመው ቆርኪ ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋችን ይወክላል፤ «አሁን ደህና ነው» ይባላል፣ ሁሉም ግን ሲራመድ ያዩታል። አምበሉ ከሌሎቹ ትንሽ ዝገት ያለበት ነው።

ገና ያልፈረመ ተጫዋች በቆርኪ አይወከልም። ይህ በሦስቱም ከተሞች የተከበረ ሕግ ነው። እሱ ፈንዲሻ ነው። ከቡናው ጋር ከመጣው ሳህን አንዲት ነጭ ፍሬ ተመርጣ ቦታው ላይ ትቀመጣለች፤ ዝውውሩ ሲረጋገጥ በቆርኪ ትተካለች። የሥርዓቱ ድክመት ግልጽ ነው፤ ፈንዲሻ ይበላል። በ2014 ክረምት ማንችስተር ዩናይትድ የባርሴሎናውን ፍሬንኪ ዲ ዮንግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሲያሳድድ፣ ዲ ዮንግ የሰበታ ረከቦት ላይ መሐል ሜዳውን ይዞ ፈንዲሻ እንደሆነ ከረመ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ተበልቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ደርዳሪው ራሱ ነው፤ በክርክሩ ተመስጦ እጁ ሳያውቀው ይሄዳል። እንደ ተበላ ሲነገረው ሌላ ዲ ዮንግ ከሳህኑ ያነሣል። በመጨረሻ ሰውየው ሳይመጣ የዝውውር መስኮቱ ተዘጋ። የፈንዲሻ ሒሳብ ግን ተከፍሏል።

በዚህ ዘርፍ ታላቁ ክስተት የ2005 ሐምሌ ነው። አርሰናል ለሊቨርፑሉ ሉዊስ ሱዋሬዝ 40,000,001 ፓውንድ አቀረበ። ከ40 ሚሊዮን በላይ የቀረበ ዋጋ የውሉን በር ይከፍታል ተብሎ ነበር፤ ሊቨርፑል ግን አልሸጥም አለ። ሌላው ዓለም በዚያች አንዲት ፓውንድ ሳቀ። ሰበታ ላይ ግን አልተሳቀም፤ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል፤ ምርቃት ናት። ያስቸገራቸው ሌላ ነው። ምርቃት የሚሰጠው ሻጭ እንጂ ገዢ አይደለም። ገዢ ምርቃት ሲያወጣ ያየነው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም አልተቀበሉትም። ሱዋሬዝን የወከለችው ፈንዲሻ አጠገብ አንዲት ያልፈነዳች የበቆሎ ፍሬ ተቀምጣ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ያስታውሳሉ።

በረኛው የስኳር ዕቃ ነው። ምክንያቱን የጠየቅኋቸው ሁሉ እንደ ሞኝ ነው ያዩኝ። ትልቅ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ሲወድቅ ይሰማል። አደጋው ሌላ ደንበኛም ቡና መጠጣቱ ነው። «እህት፣ ስኳር!» የሚል ድምፅ ከወዲያ ማዶ ሲሰማ ቡና የምታፈላው ልጅ ጎንበስ ብላ በረኛውን ታነሣለች፤ ግቡ ባዶ ይቀራል። የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ይህችን ሰዓት ይጠብቃል፤ አንዱ ወዳጄ ሆን ብሎ ጓደኛውን ማዶ አስቀምጦ ስኳር ያስጠራል። በ2007 ክረምት አርሰናል ለዋናው ቡድን አንድ ሰው ብቻ አስፈርሟል፤ እሱም በረኛው ፔተር ቼክ ነው። ደርዳሪዎች ያን ክረምት በምሬት ነው የሚያወሩት። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ረከቦቱ ላይ የተለወጠ ነገር ቢኖር የስኳር ዕቃው ነው።

ስለ ሜዳውም አንድ ነገር መባል አለበት። ረከቦት ጠባብ ነው፤ ሲኒዎቹም የራሳቸው መብት አላቸው። ስለዚህ የክንፍ ተጫዋቾች ዘወትር ጠርዝ ላይ ናቸው፣ በክርን ተገፍተውም ይወድቃሉ። ከታች ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ቆርኪው ሣር የሚረግጠው ሲወድቅ ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት በጥናቱ ሦስተኛ ሳምንት ነው።

ሌላው የተረጋገጠ ግኝት፣ ደርዳሪ አሥራ ሁለት ይደረድራል። ሁልጊዜ። ሁለት አጥቂ ይወዳል፣ ሦስት አማካይ ያስፈልገዋል፣ አዲሱን ልጅ ማስቀመጥ አይፈልግም። አንድ ቀን ቡራዩ ላይ ቆጥሬ «አሥራ ሁለት ናቸው እኮ» አልኩ። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ማንን እናውጣ በሚለው ላይ እስኪመሽ ተከራከሩ፤ ማንም አልወጣም። በማግሥቱ ወንበር አልተሰጠኝም።

የደርዳሪ ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ ተቋርጧል። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ማንችስተር ዩናይትድ አርሰናልን 8 ለ 2 አሸነፈ። የአርሰናል አማካዮች ፋብሬጋስና ናስሪ በዚያው ወር ሄደዋል፤ መሐሉ ባዶ ነበር። ረከቦት ተገለበጠ። ሦስት ቀን ቆርኪ የሚያነሣ ጠፋ። ነሐሴ 25፣ መስኮቱ በሚዘጋበት ቀን፣ አማካዩ አርቴታና ተከላካዩ ሜርተሳከር ለአርሰናል ፈረሙ፤ ደርዳሪውም እየተነጫነጨ ከቄጤማው ውስጥ ሁለት ቆርኪ ለቀመ። በዚያ ምሽት መሐል ላይ የተቀመጠው ቆርኪ ኋላ የቡድኑ አሠልጣኝ ሆኗል። ሜታ ቆርኪ ነበር። ብዙ ሰው «እኔ ጋ አለ» ይላል።

ሱሉልታ ላይ ጥናቱን ያወከ ነገር ነበር። እዚያ አትሌቶች በማለዳ ይሮጣሉ፤ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው መም እዚያው ነው። ተከራካሪዎቹ ጋቢ ተከናንበው ስለ አንድ የክንፍ ተጫዋች የትንፋሽ ችግር በጥልቀት ሲወያዩ አንዲት ልጅ በጭቃው ዳር ሮጣ አለፈች። ተመልሳ አለፈች። በሦስተኛው ዙር ደርዳሪው ቆርኪዎቹን በጋቢው ሸፈናቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አራተኛውን ክፍል በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ትቼዋለሁ።

የተውኩት በ2014 ክረምት ነው፤ ያው የዲ ዮንግ ክረምት። የሰበታው ክለብ ሰበታ ከተማ በ2011 ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ ነበር። የመጀመሪያ ዓመቱን ኮሮና መሐል ላይ ሰረዘው። በሁለተኛው ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጠኑት አብርሃም መብራቱ ይዘውት ቆየ። በሦስተኛው፣ በ2014፣ ከጅማ አባ ጅፋርና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ። የኛ ክለብ ክረምት የእንግሊዞቹን አይመስልም። ውሉ አጭር ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ማን መጣ ሳይሆን ማን ቀረ ነው የሚባለው።

ዝናቡ ይወርዳል። ዲ ዮንግ ተበልቶ እንደገና ተቀምጧል። ጥግ ላይ ወትሮ ዝም ብለው ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ ጡረተኛ ጋሼ ነበሩ።

«እስቲ የሰበታን ደርድርልኝ» አሉ።

«የቱን ሰበታ፣ ጋሼ?»

«የኛን ነዋ።»

ደርዳሪው ልጅ የማንችስተርን ቆርኪዎች ጠራርጎ ሰበሰበ። አንዱን አስቀመጠ፤ «እሱ ሌላ ጋ ፈርሟል አሉ» አለ አንዱ። አነሣው። ሌላ አስቀመጠ፤ የሱን ውል ማንም አያውቅም፤ ይቆይ ተባለ። ሦስተኛው ላይ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ቆርኪውን አገላብጦ አየው። ምንጭ አለኝ ባይ ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተ። ሻጭ የሚሸጠው አጣ።

ረከቦቱ ላይ አንድ ቆርኪና የስኳር ዕቃው ቀሩ። ከማዶ ሰው ተጣራ። ልጅቷ መጥታ ጎንበስ አለች።

«ስኳሩን ልውሰደው?»

«ተይው ልጄ» አሉ ጋሼ። «እሱ እንኳ ይቆይልን።»