ጉልበቴን በማንሳቴ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለጤና ኢንሹራንስ ድርጅቴ የሂሳብ ክፍል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፡- የ164 ዶላር ቢል እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ባለፈው ወር እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለዓመታዊ ቼክአፕ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ነበር። ቼክአፑ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ ሰው ሁሉ «ኦባማ ኬር» የሚለው ሕግ የመከላከያ ምርመራ ከታካሚው ኪስ ሳንቲም ሳይወጣ እንዲሸፈን ያዛል። እናንተም በላካችሁልኝ ባለቀለም ወረቀት ላይ፣ ጥርሷ ከተገለጠ ሴት ፎቶ ሥር፣ ይህንኑ ጽፋችኋል። አመንኳችሁ።

ለደም ምርመራው ከማታ ጀምሬ ጾምኩ፤ ሑዳዴን ለጨረሰ ሰው ይኼ ምኑም አይደለም። በፓውንድ ተመዝኜ ክው አልኩ፣ ወደ ኪሎ ስለውጠው ተጽናናሁ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድብርት ተሰምቶህ ያውቃል?» ለሚለው መጠይቅ «በፍጹም» ብዬ ሞላሁ። ያኔ ቢሉ ገና አልደረሰኝም ነበር።

ሁሉ አልቆ ሸሚዜን ስቆልፍ፣ ሐኪሟ የበሩን እጀታ እንደያዘች «ሌላ የሚያስቸግርህ ነገር አለ?» አለችኝ። ጠያቂን በባዶ መመለስ ነውር መስሎኝ «ደረጃ ስወጣ ግራ ጉልበቴን ትንሽ ይሰማኛል» አልኳት። ተመልሳ ነካ ነካ አደረገችው፤ «በረዶ ያዝበት» ብላኝ ወጣች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእናንተ ፖስታ መጣ። ከላይ በጉልህ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። ደስ ብሎኝ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። በሳምንቱ ቢሉ መጣ።

ስደውል፣ ሙዚቃችሁን ከዳር እስከ ዳር ካስጠናችሁኝ በኋላ፣ አንዲት ትሁት ሠራተኛ አስረዳችኝ። ሌላው አካሌ በሙሉ 99396 በሚባል ኮድ በነፃ ታይቷል። ጉልበቴ ግን 99213 ተብሎ ራሱን የቻለ ሕክምና ሆኗል፤ እናንተ መክፈል ከመጀመራችሁ በፊት ከኪሴ መውጣት ያለበት ዲደክተብሌም ስላልሞላ ከፋዩ እኔ ነኝ። ለካ ያን ቀን ሁለት ሰው ሆኜ ኖሯል የገባሁት፤ አንዱ ጤነኛ፣ በነፃ፤ ሌላው ጉልበቱን የሚያመው፣ በ164 ዶላር። ምርመራው ነፃ የሚሆነው ምንም ላልታመመ ሰው መሆኑን ያች ባለ ጥርስ ሴት አልነገረችኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስተዳደጌን ረስቼ። እናቴ ትኩሳት ጥሏት ሦስት ቀን ተኝታ እንኳ «እንዴት ዋልሽ?» ስትባል መልሷ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። እኔ ፊደል ቆጠርኩ ባዩ «እማዬ፣ ለሐኪም እውነቱን ተናገሪ እንጂ!» እያልኩ እቆጣት ነበር። እሷን አንድ ዶላር አታስከፍሏትም ነበር።

አሁን 45 ዓመት ስለሞላኝ የአንጀት ካንሰር ምርመራ ታዞልኛል። እድሜው ከ50 ወደ 45 ዝቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ይኼም ነፃ ነው ትላላችሁ። ደግነቱ በማስተኛ መድኃኒት ነው የሚሠራልኝ፤ አፌን አልከፍትም።

ስለዚህ ጉልበቴን ያነሳሁት ለወግ ያህል እንጂ ለመታከም አስቤ አለመሆኑን ተረድታችሁ ቢሉን እንድትሰርዙልኝ በትህትና አመለክታለሁ። እስከዚያው እንዴት እንደሆንኩ ለምትጠይቁኝ ሁሉ፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፡-
ለቀኝ ጉልበቴ፣ እንዲያውቀውና እንዲጠነቀቅ