ሬሳም ሙሽራም የሌለበት ድንኳን

በኮልፌ ቀራንዮ ድንኳን ተተክሎ ያየ ሰው ትርጓሜውን ለማወቅ ሊቃውንትን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሸራው ከእድር ዕቃ ቤት ወጥቶ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት እንደ ሆነ ሰው ሞቷል፣ ዘፈንና እልልታ የተሰማበት እንደ ሆነ ሰው ተድሯል፤ ሦስተኛ አንድምታ አልነበረውም። ነገር ግን በዘመናችን ከአየር ጤናና ከቤቴል የሚነሡ ወጣቶች፣ ሬሳም ሙሽራም ሳይኖራቸው፣ በከረጢት የምትጠቀለል ድንኳን አዝለው፣ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ደን እየዘለቁ ማደር ስለ ጀመሩ፣ ይህንንም «ካምፒንግ» ብለው ስለ ሰየሙት፣ ነገሩ ሐተታ እንደሚያሻው ለዚህ ጸሐፊ ታይቶታል።

ከስሙ እንጀምር። ግእዙ ድንኳንን ደብተራ ይለዋል፤ ታቦተ ጽዮን በምድረ በዳ ያደረችው በደብተራ ነው፤ ዛሬም በከተራ ሌሊት ታቦታቱ በጥምቀተ ባሕር ዳር በድንኳን ሲያድሩ ካህናቱና ምእመናኑ በብርድ አብረው ያነጋሉ፤ እነርሱ ግን ይህን መዝናኛ ብለው አያውቁም። «ከተማ» የምንለውም ቃል «ከተመ» ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ ጥንት የንጉሥ ሠራዊት ያረፈበትን ቦታ ያመለክት ነበር፤ «ሰፈር»ም ከሰፈረ ነው። ስለዚህ ከከተማው ሰፈር ወጥቶ በጫካ የሰፈረ ሰው፣ በሰዋስው ሕግ ቢመረመር፣ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ታሪኩም ይህንኑ ያጸናል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ካሉት በኋላ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በየጉብታው ሰፈሩ፤ ማገዶ ባለቀ ጊዜም ዐፄ ምኒልክ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ሰፈር ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ አስበው ነበር፤ ያስቀረቻቸው ባሕር ዛፍ ናት። የቀድሞው ሰው እንግዲህ ድንኳኑን የሚነቅለው እንጨት ፍለጋ ነበረ፤ የዛሬው የኮልፌ ሰፋሪ ግን ከጉልቱ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ሸምቶ፣ ጥድና ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ወደ ሞላበት ዱር ይጭናል።

ዱሩ ክቡር ነው። ትውፊት እንደሚናገረው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል፤ አሜሪካኖች የሎውስቶንን የሕዝብ መናፈሻ ብለው የደነገጉት በ1864 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ አራት መቶ ዓመት ያህል ዘግይተው ተከትለውናል ማለት ነው። ከደኑ በላይ የወጨጫ ተራራ እስከ 3,385 ሜትር ይወጣል፤ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር ላየው ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ መነኩሴ ይመስላል። (ሱባ የሚለውን ስም ከሱባኤ ጋር ለማዛመድ ይህ ጸሐፊ እጅግ ተፈትኖ ነበር፤ ማስረጃ በማጣቱ ተወው።)

ስለ ስንቅ ጉዳይ አንድ ምስክር እንጥራ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በኮልፌ የወታደር ትምህርት ሲማሩ በዙሪያው ባለው ዳገትና ደን ረጅም ጉዞ ይጓዙ ነበር፤ የሚይዙትም ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውሃ ነበረ። እኛ፣ ይህ ጸሐፊና ባልንጀሮቹ፣ በሱባ ደን አንዲት ሌሊት ለማደር የያዝነው ግን ረከቦት ከነስኒው፣ ጀበና፣ ዳቦ፣ ክትፎ በቆጮ፣ ድምፅ ማጉያ፣ አራት ፍራሽና የአንዱ ባልንጀራችን አክስት ናቸው፤ አክስቲቱ የመጡት «ብቻችሁን በዱር?» ብለው ነው።

በጫካው ሰፊ ሜዳ ሳለ አምስቱ ድንኳኖች ገመዳቸው እስኪጠላለፍ ተጠጋግተው ተተከሉ። ገና ሳይመሽ ገንዘብ የሚሰበስብ ተመረጠ፤ ቀጥሎ ጸሐፊ፤ በእራት ሰዓትም ለቀረና ለዘገየ ቅጣት እንዲወሰን ሐሳብ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከኮልፌ ሸሽተን በሦስት ሰዓት ውስጥ እድር አቋቋምን ማለት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግን አየሩ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ የተማርነው ሁሉ በአጥንታችን ስለ ተተረጎመ፣ ጉባኤው አንድ በአንድ ወዳመጣን ሚኒባስ ገብቶ ተቃቅፎ ተኛ፤ በድንኳን ያደሩት አክስቲቱ ብቻ ናቸው፤ «ለቅሶ ቤት ከዚህ የባሰ አድሬአለሁ» አሉን ጠዋት።

በማግስቱ ይህ ጸሐፊ ጤዛ የጠጣውን ድንኳን ለማድረቅ በገዛ ግቢው ተከለ። ገመዱን ሳያጠብቅ የጎረቤቱ እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ በበሩ ገቡ። ማንም እንዳልሞተ በብዙ ምሕላ ካስረዳቸው በኋላ እንባቸውን ጠረጉ፤ ነጠላቸውንም አስተካክለው፣ ድንኳኑን ዙረው ካዩት በኋላ፣ «እንግዲያው ሙሽራዪቱ የማን ልጅ ናት?» አሉት።