ለእስስት ካልሲየም፣ ለሽማግሌ «ነገ ይገባል»

በዚህ ዕድሜዬ ስንት መንግሥት ሲወርድ፣ ስንት ብር ሲቀየር አይቻለሁ። እስስት በፕሮግራም ቫይታሚን ሲወስድ ግን ገና አሁን ማየቴ ነው። የአገራችን እስስት ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። የዚህኛው ዘር ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከየመን ነው። እሱ ራሱ አሜሪካ ተፈልፍሎ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የልጅ ልጄ መኝታ ቤት ጥግ ላይ የሽቦ ቤት ተሠርቶለት፣ ዛፍ ተተክሎለት፣ መብራት ገብቶለት ይኖራል። እኔ መገናኛ ጀርባ መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋብኝ ባላወራ ይሻላል። ስሙን ደግሞ «አባባ» ብላዋለች። በእኔ መሰየሟ ነው። ለምን ብላት፣ «ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ዓይኑ ሁሉን ነገር ያያል፤ ሲናደድ ደግሞ ይጠቁራል» አለችኝ። እናቷ ከኋላ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

በእኛ ጊዜ እስስት ስድብ ነበር። ትናንት ያመሰገነውን ዛሬ የሚያማ ሰው ሲገኝ «እስስት!» ተብሎ ይታለፋል። ልጆች ሆነን አጥር ላይ ስናያት ትልልቆቹ «እንዳትነኳት!» እያሉ ያባርሩን ነበር። ይኸው ሳንነካት፣ ማንም ሳያበላት፣ ለብቻዋ ኖራለች። ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ ስም ያወጣላት የደጋችን እስስት እንቁላል እንኳ አትጥልም፤ የደጋን ብርድ ስለምታውቅ ልጆቿን ሆዷ ውስጥ አሳድጋ ነፍስ ዘርተው ትወልዳቸዋለች። ባሌ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ደግሞ ሌላ አገር የማይገኙ ዘመዶች አሏት። ዱቄት የነሰነሰላቸው ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ወደ «አባባ» ልመለስ፤ ወደ አረንጓዴው ማለቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ስልኩን አስደግፋ ቁርሱን ስታሰናዳ አሳየችኝ። መጀመሪያ ፌንጣዎቹን አበላች። አዎ፣ የሚበላውም ይበላል! ጎመን፣ ካሮት፣ ብርቱካን ይቀርብለታል፤ እስስቱ ሲውጠው ሆዱ ባዶ እንዳይሆን ነው አሉ። ከዚያ ጥቂቶቹን ላስቲክ ውስጥ ከትታ፣ ነጭ ዱቄት ቆንጥራ ጨመረችበትና አፉን ይዛ ነቀነቀችው። ፌንጣዎቹ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው መስለው ወጡ። እስስቱ አንዱን ዓይኑን ወደ ፌንጣው፣ ሌላውን ወደ እኔ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ድንገት ከሰውነቱ የሚረዝም ምላስ ወጣ፤ ፌንጣውም ጠፋ።

የዕለት ተዕለቱ ዱቄት ባዶ ካልሲየም ነው። ዲ3 ያለበት በወር ሁለት ጊዜ፣ መልቲ ቫይታሚን በወር ሁለት ጊዜ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን አይገናኙም። ፕሮግራሙ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። «ረቡዕና ዓርብስ ይጾማል?» ብላት «አባባ!» ብላ ጮኸች። የትኛችንን እንደጠራች እስካሁን አልገባኝም።

ምክንያቱን ጠየቅሁ፤ ሽማግሌ ሳይጠይቅ አይነቅፍም። ፌንጣ ፎስፈረስ ይበዛበታል፣ ካልሲየሙ ግን ጥቂት ነው። የእስስቱ ሰውነት ደሙ ውስጥ ካልሲየም ሲያጥረው ከአጥንቱ ይበደራል። ብድሩ ሳይመለስ ሲቀር እግሩ ይጎብጣል፣ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅተዋል። ጡንቻም ያለ ካልሲየም አይሠራምና ያ የሚያስፈራ ምላስ ፌንጣው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ሴቷ ደግሞ ይብስባታል፤ የየመኗ እስስት ወንድ በአጠገቧ ባያልፍ እንኳ እንቁላል መጣሏን አትተውም፤ ቅርፊቱ የሚሠራው ከማን አጥንት ነው? ዲ3 የሚባለው ካልሲየሙ በአንጀት በኩል እንዲገባ በር ከፋች ነው። ሲበዛ ግን ካልሲየሙ ኩላሊትና ደም ሥር ላይ ይጋገራልና ለዚህ ነው በወር ሁለቴ ብቻ የሚሰጠው። ልጅቷ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት ነው ያስረዳችኝ። ኮራሁ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ፤ ስለ እኔ አጥንት እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው የለማ!

እኔን ያየኝ ሐኪም ገና ሳልቀመጥ ነው መጻፍ የጀመረው። «እርጅና ነው አባቴ» አለና ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር አዘዘልኝ። ወረቀቱን ይዤ ከመገናኛ ሾላ፣ ከሾላ ሃያ ሁለት፣ ያለውን ፋርማሲ አዳረስኩ። አንዱ ጋ ካልሲየሙ አለ፣ ዲው የለም። ሌላው ጋ ዲው አለ፣ ግን የሕፃን ጠብታ ነው። አንዷ ደግሞ ስልኳን ሳትለቅ «ነገ ይገባል አባቴ» አለችኝ። በነገታው ስሄድም «ነገ» ነው። በታክሲ ስመለስ ረዳቱ «ፋዘር፣ ጠጋ በል!» ይለኛል። ጉልበቴ የሚታጠፍ መስሎት ነው።

ልጄ ይህን ሰምታ መድኃኒቱን በሰው እጅ ላከችልኝ። ቦሌ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩ። ቤቴ ገብቼ ብፈታው ነጭ ብልቃጥ፣ ላዩ ላይ እስስት የተሣለበት። ልጅቷ ስታሽግ ተቀያይሮባት ነው። የእኔ እንክብል እዚያ እስስቱ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ መነጽሯን አጥልቃ የብልቃጡን ጀርባ አነበበችልኝ። «ካልሲየም ካርቦኔት። ጋሼ፣ ይኼኮ የእንቁላል ቅርፊት ማለት ነው!» አለች። የእንቁላል ቅርፊት፣ የኖራ ድንጋይ፣ ዶሮ አርቢዎች መኖ ላይ የሚደባልቁት። ለፋሲካ ዶሮ 12 እንቁላል ቀቅለን፣ ልጠን፣ ቅርፊቱን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር የምንደፋው ቤተሰብ፣ ይኸው ከውቅያኖስ ማዶ በዶላር አስመጣነው። በሻይ በጥብጬ ልጠጣው ስል «ለእንስሳ የተሠራ ለሰው አይሆንም፤ መጠኑም አይታወቅም» ብላ ቀማችኝ። እሷ ጋ ነው ያለው። ዶሮዎች አሏት፤ የት እንደሚያልቅ አልጠይቅም።

ዱቄቱን እንኳ ልለፈው። እኔን ያንገበገበኝ ፀሐዩ ነው።

የእስስቱ ቤት ለምን ከመስታወት አልተሠራም ብዬ ስጠይቅ ነው ነገሩ የወጣው። ቆዳ ላይ አርፎ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው የፀሐይ ጨረር ተራ መስታወት አያሳልፈውም። ብርሃኑ ይገባል፣ ሙቀቱ ይገባል፣ ጨረሩ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ያን ጨረር የሚሰጥ ልዩ አምፖል ከሽቦው በላይ ተሰቅሎለታል። አምፖሉም ቢሆን እየበራ ሳለ ጨረሩ ይደክማል፤ ዓይን አያየውምና በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ይቀየራል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ አንድን ፍጥረት ከዛፉና ከፀሐዩ ነጥለው ክፍል ውስጥ አስገቡትና፣ ያጣውን እየቆነጠሩ በብልቃጥ ይመልሱለታል።

እኛስ? «የ13 ወር ፀጋ» ብለን ለቱሪስት ፀሐያችንን ያስተዋወቅን ሕዝብ ነን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ፣ ጨረሩ በነፃ የሚወርድባት ከተማ ናት። ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት አለ፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ፣ ማለትም ያ የአጥንት መለስለስ፣ ነበረባቸው፤ ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ። በፀሐይ አገር! ነርሷ ጎረቤቴ ለዚህ መልስ አላት። ልጁ ምች እንዳይመታው፣ ብርድ እንዳይገባው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት እየተባለ ተጠቅልሎ ጓዳ ይውላል። እናቶቻችን ጠዋት ቅቤ ቀብተው፣ እርቃኑን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ፀሐይ ያሞቁት የነበረው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁንማ ማሞቂያ ቦታውስ የት አለ? ግቢዬ ዙሪያውን ፎቅ በቅሎበታል። የበረንዳዬን ዱካ ፀሐይዋን ተከትዬ ስገፋ እውላለሁ፤ ከረፋዱ በፊት አትደርሰኝም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአንዱ ሕንፃ ጥላ ይወስዳታል። ፊት ለፊቴ ያለው ሕንፃ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ፀሐዩን ለራሱም አይጠቀምበት፣ ዓይኔ ላይ ይረጨዋል። የወንድሜ ልጅ ኮንዶሚኒየም ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ሚስቱ ሕፃኑን በተዘጋ መስኮት ሥር አስተኝታ «ፀሐይ እያሞቅኩት ነው ጋሼ» ትለኛለች። የእስስቱን ነገር ብነግራት ቅር አላት። ልጄን ከእንሽላሊት ጋር አወዳደሩት ብላ ለባሏ ስሞታ አቅርባለች፤ መስኮቱን ግን ከዚያ ወዲህ ስትከፍተው አይቻለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግም ቢሆን ሁሉም ዋጪ ነው። በክረምታቸው ያለው ፀሐይ ዘንበል ብሎ ስለሚመጣ ጨረሩ እምብዛም ነው፤ እንደኛ ጠቆር ላለ ቆዳ ደግሞ ይባስ ያንሰዋል። ልጄም ዲ3 ትወስዳለች፣ ባሏም፣ ልጅቷም፣ እስስቱም። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ማታ ማታ የፀሐይ እንክብል ሲውጥ አስቡት።

ለገና ሊመጡ ነው አሉ። ልጅቷ ስትመለስ ከሐረና አንዲት እስስት ይዛ መሄድ አምሯት ነበር። ይህንንስ እኔው ነኝ የከለከልኳት፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት ሳይቴስ የሚባል የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አለ፣ ያለ ፈቃድ ይዘሽ ብትወጪ ቦሌ ላይ ትያዣለሽ አልኳት። ደግሞስ አንዱን ለማኖር ይህ ሁሉ ዱቄት ካስፈለገ ለሁለት ምን ሊሆን ነው?

እስስቱ ግን ብቻውን አይቀርም። ፌንጣውን የሚያበላ፣ ዱቄቱን የሚነሰንስ፣ ሳህን ላይ ያለ ውኃ ስለማይጠጣ ጠዋትና ማታ ቅጠሉን የሚያርስለት አንድ የጎረቤት ልጅ በሰዓት ቀጥረውለታል። «በሰዓት ስንት?» አልኩ። ልጄ ነገረችኝ። በብር መታሁት፤ ከጡረታዬም ጋር አስተያየሁት። «ያ ልጅ ወደ መገናኛ መምጣት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ፌንጣ አልበላም፣ ወጪዬ ትንሽ ነው» ስላት መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው አሉኝ።