በደብረ ብርሃን ከተማ የጠላ ቤቶች ብልጫ ስለሚወሰንበት ሥርዓት

ጠላ ቤትን ከጠላ ቤት ማበላለጥ በሰሜን ሸዋ ደጋ ሁሉ የሚሠራበት የዕውቀት ዘርፍ ቢሆንም፣ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በደብረ ብርሃን ከተማ እንደሆነ ይታመናል፤ ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ብርዱ ሰውን ከደጅ ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ ጋኑ አጠገብ እንዲጠጋ ያስገድደዋል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቆረቆረች፣ በብርድ ልብሷ በአገር የታወቀች፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች የተተከሉባት ናት። ፋብሪካዎቹ በዚህ ጥናት አልተካተቱም፤ የፋብሪካ ቢራ የዛሬው ከትናንቱ፣ የዚህኛው ጠርሙስ ከዚያኛው ስለማይለይ፣ ሁለት ጎረቤታሞችን ከምሳ እስከ ማታ ሊያከራክር የሚችል ይዘት የለውምና።

ጠላ ከገብስ፣ ከብቅልና ከጌሾ የሚጠመቅ መጠጥ ነው። ጌሾ፣ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ራምነስ ፕሪኖይደስ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ምሬቱን ይሰጠዋል፤ አሻሮ፣ ማለትም ተቆልቶ የተፈጨው ገብስ፣ መልኩን ያጠቁረዋል፤ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ የታጠበውና በወይራ የታጠነው ጋን ደግሞ ጢስ ጢስ የሚለውን ጣዕም ይጨምርለታል። የተወቀጠው ጌሾ ከብቅል ጋር በውኃ የሚዘፈዘፍበት የመጀመሪያው ደረጃ ጥንስስ፣ እንኩሮው ወይም ቂጣው ገብቶበት የሚወፍርበት ቀጣዩ ደረጃ ድፍድፍ ይባላል። ብርድ መፍላቱን እንደሚያዘገየው የታወቀ ሲሆን፣ የደብረ ብርሃን ጠጪ ግን የመዘግየቱን ምክንያት ከአየሩ ዘንድ አይፈልግም፤ ባለ ጠላዋን ይጠረጥራል።

ጠላ ቤት የስም ሰሌዳ የለውም። በደጁ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካለ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ከዚህ ያለፈ ማስታወቂያ እንደ ትዕቢት ይቆጠራል። ስለዚህም ቤቶቹ የሚጠሩት በአቅጣጫቸው ነው፤ የወፍጮ ቤቷ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው፣ ባለ ሰማያዊ በሯ ይባላሉ። በየሰፈሩ እንዲህ ያሉ ሦስት ቤቶች ከተገኙ ለንጽጽር በቂ ናቸው፤ አራተኛ ቤት ቢኖር እንኳ ከሦስተኛው በኋላ የሚሰጠው ዳኝነት በሊቃውንቱ ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

የመጠጡ ዓይነት ሦስት ነው፤ ሳይጠራ የሚጠጣው ጉሽ፣ በጨርቅ ተጠልሎ የሚወርደውና አናት የሚይዘው ፊልተር፣ ጋኑ ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ። የመጠጫው ዕቃ ዓይነት ግን አያሌ ስለሆነ፣ ጣሳ ሆኖ የማያፈስ መሆኑን ማረጋገጥ ይበቃል።

ሰፊ ትንታኔ የሚገባው፣ እስካሁን ግን ተገቢውን ትኩረት ያላገኘው ጉዳይ እፍ ማለት ነው። በጉሽ ጠላ ፊት ላይ የጌሾ ስብርባሪና የገብስ ገለባ ይንሳፈፋል፤ ጠጪውም ከመጎንጨቱ በፊት ይህን ተንሳፋፊ በትንፋሹ ወደ ማዶኛው ከንፈር ይገፋዋል። ድርጊቱ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ገለባው ከማዶ ደርሶ አይቀርም፤ ጣሳው ሲያዘነብል ተመልሶ ይመጣል፤ በመሄዱና በመመለሱ መካከል ያለው ጊዜ አንዲት ጉንጭ ብቻ የምታስተናግድ ስትሆን፣ ጀማሪና ነባር ጠጪ የሚለዩት በዚህች ቅጽበት ነው። ጀማሪው አብዝቶ ይነፋና ጠላውን በጎረቤቱ ጋቢ ላይ ይረጨዋል። ነባሩ ከንፈሩን ሾል አድርጎ፣ ጣሳውን ወደ ግራ ጥቂት አዙሮ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ይገፋል፤ እንዲያውም በጣም የበቁት እፍታቸውን ከዓረፍተ ነገሩ ማሠሪያ ጋር ስለሚያገጥሙት አድማጭ ልብ አይለውም። ጢማሞች ከዚህ ሥርዓት ነጻ ናቸው፤ ጢማቸው እንደ ማጥለያ ያገለግላቸዋልና፣ ነገር ግን ከመጨረሻው ጣሳ በኋላ የሚያደርጉት የጢም ጠረጋ በሌሎች ዘንድ የተድበሰበሰ ውጤት ማቅረብ ተደርጎ ይታያል።

እፍ በዓይነቱ ብዙ ነው። የመንገድ ጠረጋው መደበኛ እፍ አለ። በአባት እድሜ ያለ ሰው አጠገብ ሲቀመጡ ፊትን ወደ ግድግዳ መለስ አድርጎ የሚባለው የአክብሮት እፍ አለ። ባለ ጠላዋ እንድትሰማው ታስቦ ረዘም ተደርጎ የሚነፋው የቅሬታ እፍ አለ፤ ይህኛው ገለባውን ከማራቅ ይልቅ ገለባው መኖሩን ለጉባኤው ማሳወቅን ዓላማው ያደረገ ነው፤ ባለ ጠላዋም አልሰማሁም ለማለት ማንቆርቆሪያዋን ድንገት ማጠብ ትጀምራለች። የመጨረሻው የልማድ እፍ የሚባለው ሲሆን፣ ጥርት ባለ ፊልተር ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ እጅ ጣሳ ስለያዘ ብቻ የሚነፋ ነው፤ ሠርግ ቤት ቢራ በብርጭቆ ሲቀርብላቸው እፍ የሚሉ ሽማግሌዎች የሚመደቡት እዚህ ነው።

ከዚህ በመነሣት የቤቶችን ብልጫ በአንድ ጣሳ በሚወጣ የእፍ ብዛት ለመለካት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ባለ ሰማያዊ በሯ በጨርቅ ስለምታጠልል ማሸነፏ የተረጋገጠ መስሎ ሳለ፣ የወፍጮ ቤቷ ወገኖች እፍ የማይባልበት ጠላ የጨርቁ እንጂ የጠማቂዋ ሥራ አይደለም፣ ገለባ ከሌለበት ገብስ መኖሩ በምን ይታወቃል ሲሉ ተቃወሙ፤ መለኪያውም በዚሁ ወደቀ።

ጣዕምን በቀጥታ ማወዳደርም አልተሳካም። ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ብቻ ስለሚይዝ ዳኛን አያሰናክልም ተብሎ ቢገመትም፣ አንደኛዋ ቤት ምንጊዜም በጥብቅ፣ ሁለተኛዋ በርኅራኄ፣ ሦስተኛዋ በዕንባ ትዳኛለች። ቅደም ተከተሉ በማግሥቱ ሲገለበጥ ደረጃውም አብሮ ይገለበጣል። ባለ ጠላዋ ከመቅዳቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ አንጠብጥባ የምትቀምስበት ነባር ልማድ፣ ጥንት መርዝ አለመኖሩን ለማሳየት የተደረገ ሲሆን፣ ዛሬ መርዝ የሚፈራ የለም፤ የሚፈራው ቅራሪ ነው፤ ቅራሪ መሆን አለመሆኑን ደግሞ ከፊቷ ላይ ማንበብ አይቻልም። ራሳቸውን ባለ ጠላዎቹን መጠየቅም አያዋጣም፤ የሁለቱ ጎረቤቶቻቸው ጠላ ጌሾ የበዛበት መሆኑን በአዘኔታ ይገልጻሉና።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ አስተማማኝ ምልክት ተገኝቷል። ጠጪው አብዝቶ የሚያወድሳት ቤት እና ተቀምጦ የሚገኝባት ቤት የተለያዩ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችውን የሚያመሰግነው ሰው ይህን የሚናገረው በወፍጮ ቤቷ መደብ ላይ ሆኖ ነው፤ «እሷ እኮ ነች ጠላ!» እያለ ዓይኑን ወደዚያው አቅጣጫ ይልካል፣ እግሩን ግን አይልክም። ምክንያቱ በዚያች ቤት ከበሩ ጀርባ በከሰል ተጭሮ ይገኛል፤ አንዱ ጭረት አንድ ጣሳ ነው፤ አምስተኛው በአራቱ ላይ በአግድም ያልፋል፤ ከዘመን መለወጫ ጀምሮ ያልተነካ ረድፍም አለ። ዱቤው በጨመረ ቁጥር ጠጪው ከቤቲቱ ይርቃል፣ በራቀ ቁጥርም ጠላዋ እየጣፈጠው ይሄዳል፤ ስለዚህ በሰፈሩ ብልጫ ያላት ቤት የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ምላስን ሳይሆን የበሩን ጀርባ ማየት ያስፈልጋል። «እትዬ፣ ለነገ ይያዝልኝ» የሚለው ቃል ሲሰማ ቤቲቱ ወደ አንደኛ ደረጃ መውጣት እንደጀመረች ይታወቃል። ባለ ጠላዎቹ ይህን ዝና የሚፈልጉት አይመስልም።

ስለ መደብና ስለ በርጩማ፣ ቆሎው የገብስ ሲሆንና የሽምብራ ሲሆን በክርክሩ ርዝመት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ሊቀርብ የታሰበው ቀሪ ምደባ፣ ጋኑ ወደ ቅራሪ ስለደረሰ ተትቷል፤ በቅራሪ ላይ ቆሞ የሚመድብ የለም። የዕለቱ ሒሳብም በከሰል ተይዟል።